ድሉን ለመጋራት የሚሮጠው ብዙ ነው፤ ጓንቱን ማን ገዛ?

ወገን፣ ዛሬ ስለ ፖለቲከኛ አላወራም። የማወራው አዙማ ኔልሰን ስለሚባል ጋናዊ ቦክሰኛ ነው። «ስንት የራሳችን ጉዳይ እያለ የጋና ቦክሰኛ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ኮሜንት ላይ ውረዱብኝ፤ ችግር የለም።

መነሻዬን ግን አስቀድሜ ልናገር። እኛ ሀገር ወዳድ ነን የምንል ወጣቶች አንድ ክፉ ልማድ አለን። የኛ ልጅ ሲያሸንፍ ፕሮፋይላችንን ባንዲራ እናለብሳለን፣ «ደማችን ነው!» እንላለን፣ ሲጨፈር ያድራል። ያው ልጅ በሚቀጥለው ወር ሲሸነፍ ደግሞ «ድሮም እሱ…» ብለን የምንጀምረው እኛው ነን። በመሃል ልጁ የት ይለማመድ ነበር፣ ምን በልቶ ያድር ነበር፣ ጫማውን ማን ገዛለት ብሎ የጠየቀ የለም። ይሄ ሀገር መውደድ ነው ወይስ በሰው ሰርግ መጨፈር? የአዙማ ታሪክ ይሄንን ጥያቄ ፊታችን ላይ ስለሚያስቀምጥ ነው የመረጥኩት። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ የኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ሰውየው ማነው?

አዙማ በ1958 አክራ ውስጥ ተወለደ፤ የማምፕሮቢ ሰፈር ልጅ ነው። አክራ የጋ ሕዝብ ከተማ ናት። ባህሩን ተጠግተው የተቀመጡት የድሮ ሰፈሮቿ፣ በተለይ ቡኮም የምትባለው፣ ቦክሰኛ የሚፈላባቸው ናቸው። ቡኮም ሀብታም ሰፈር አይደለችም። ቤቱ የተጠጋጋ፣ ኑሮው ጠባብ፣ ብዙው ሰው ከባህሩ የሚኖር ነው። ግን እዚያ ሰፈር ልጅ ሆኖ ጡጫ መማር እኛ ጋ ልጅ ሆኖ ኳስ እንደመጫወት ያለ ነገር ነው። አሰልጣኙ ጎረቤት ነው፣ የድሮው ሻምፒዮን መንገድ ላይ ይታያል፣ ጂሙ እቤትህ አጠገብ ነው።

የአዙማ ቤተሰብ ደግሞ ታቦም ከሚባሉት ወገን ነው። የታቦሞች ቅድመ አያቶች ባርነት ብራዚል ያደረሳቸው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጻ ወጥተው በመርከብ ወደ አፍሪካ የተመለሱ ሰዎች ናቸው። አክራ ሲደርሱ የሚናገሩት ፖርቱጋልኛ ነበር። የጋ ሕዝብ ተቀበላቸው፣ መሬት ሰጣቸው፤ ልጆቻቸውም ጋኛ ተናጋሪ ሆነው አደጉ።

ይሄን ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። ጋና ካፈራቻቸው ቦክሰኞች ሁሉ ትልቁ የሚባለው ሰው የወጣው «መጤ» ተብሎ ሊገፋ ይችል ከነበረ ቤት ነው። በሩን ባይከፍቱለት ኖሮ ዛሬ የሚኮሩበት አዙማ ባልኖረ። እኛ ጋ ግን ሰውን ለሀገሩ ባደረገው ሳይሆን አያቱ ከየት መጡ ብሎ መመዘን ፋሽን ሆኗል። ብሔርተኝነታችን በር መዝጊያ ብቻ ከሆነ ስንቱን አዙማ ደጅ ላይ እያስቀረን እንደሆነ ማን ያውቃል? እኔ የማምንበት ሀገር ወዳድነት ሰውን ጨምሮ የሚገዝፍ ነው። አዙማ በ1988 ቀበቶውን ለማስጠበቅ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ሄዶ አሸንፎ ተመልሷል። ቅድመ አያቶቹ በባርነት የነበሩባት ሀገር ላይ የልጅ ልጃቸው የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ቆመ። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት መልስ ይገኛል!

ሁለት ሳምንት

አዙማ በ1978 ካናዳ፣ ኤድመንተን በተደረገው የኮመንዌልዝ ጨዋታ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ፕሮፌሽናል ሆነ። በ1982 ላይ 13 ጊዜ ተፋልሞ 13ቱንም አሸንፎ ነበር። ከአፍሪካ ውጭ ግን የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል።

በዚያ ዓመት የፌዘርዌይት (እስከ 57 ኪሎ ገደማ ያለው ክብደት) የዓለም ሻምፒዮን ሜክሲኳዊው ሳልቫዶር ሳንቼዝ ነበር። ገና በ23 ዓመቱ የዘመኑ ምርጥ ከሚባሉት ተርታ የገባ ሰው ነው። ሐምሌ ላይ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ሊገጥመው የነበረው ተፋላሚ ቀረ። ተተኪ ተፈለገ። ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀር አዙማ ተጠራ። እሺ አለ።

ሁሉም ሰው «ሳንቼዝ ለመሟሟቅ የመጣለት ነው» ብሎ ነበር የጠበቀው። ያ የማይታወቅ ጋናዊ ግን የዓለም ሻምፒዮኑን እስከ 15ኛው ዙር አስጨነቀው። በመጨረሻው ዙር ተሸነፈ፤ ዳኛው ፍልሚያውን አስቆመ። ግን ከዚያች ሌሊት በኋላ አዙማ ማነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሳንቼዝ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ። የመጨረሻ ተፋላሚው አዙማ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙዎቻችን ይሄን ታሪክ ብንሰማ «ዕድል ነው» እንላለን። አዎ፣ መጠራቱ ዕድል ነው። ግን በሁለት ሳምንት ማንም 15 ዙር የሚያስቆም ሳንባ አይገነባም። አዙማ ስልኩ ሳይጠራ በፊት ዝግጁ ነበር። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው! እኛ ስንጠራ እንዘጋጃለን ብለን የምንጠብቅ ትውልድ ነን። «ጊዜው ሲደርስ እናሳያቸዋለን» እንላለን። ጊዜው ሲደርስ ያልተዘጋጀ ሰው የሚያሳየው ጀርባውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ተሸነፈ። ተሸንፎም አልጠፋም። የአዙማን ስም የሰራው ድሉ ብቻ ሳይሆን ያ ሽንፈት ነው። የተሸነፈን የሚሳደብ ሕዝብ እንዲህ ያለ ሰው አያገኝም፤ ምክንያቱም ልጁ ሁለተኛ ዕድል ከማግኘቱ በፊት አንገቱን አስደፍተነው እንጨርሰዋለን።

በረሃብ ዓመት የመጣ ቀበቶ

«ሀገር እየታመሰች ስለ ቦክስ?» ለምትሉኝ መልሴ ይሄ ክፍል ነው።

1983 ለጋና የመከራ ዓመት ነበር። ድርቅ ገባ፣ የሰደድ እሳት እርሻውን በላው፣ ኢኮኖሚው ወደቀ። በዚያ ላይ ናይጄሪያ ሰርተው ያድሩ የነበሩ በጣም ብዙ ጋናውያን በዚያው ዓመት ተባረው ባዶ እጃቸውን ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ሰው ለዳቦ ይሰለፍ ነበር።

በታህሳስ 1984 አዙማ ፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ሄደ። የሚገጥመው ዊልፍሬዶ ጎሜዝን ነው። ጎሜዝ የሚፋለመው በራሱ ከተማ፣ በራሱ ሕዝብ ፊት ነው፤ በሱፐር ባንተምዌይት ቀበቶውን 17 ጊዜ ሁሉንም በዝረራ አስጠብቆ የነበረ ሰው ነው። አዙማ በ11ኛው ዙር ዘረረው። ጋና እንደገና የዓለም ሻምፒዮን አገኘች።

ቀበቶው ማንንም አላጠገበም፤ ዝናብም አላመጣም። ይሄን አንካካድ። ግን ከውጭ ሲታይ «የተራበች፣ የተባረረች» ብቻ ተብላ የምትጠራ ሀገር ሌላ ስም አገኘች። ይሄ ስሜት ለኛ እንግዳ አይደለም። በዚያው በ1984፣ በኛ 1977 ዓ.ም.፣ ዓለም ኢትዮጵያን የሚያውቃት በኮረም የረሃብ ምስል ነበር። ያ ምስል ዛሬም ድረስ በየሄድንበት እየተከተለን ነው። የዲያስፖራ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ሀገራቸው ምን እየተባሉ እንዳደጉ ጠይቋቸው። ያንን ምስል ቀስ በቀስ የተጋፈጡልን እነማን ናቸው? በአመዛኙ አትሌቶቻችን ናቸው። ስለዚህ «ስፖርት ቀልድ ነው፣ ከቁም ነገሩ በኋላ ይደርሳል» የሚለው አይሰራም። ሀገር ስትደኸይ ስሟንም አብራ እንዳትቀብር የሚያደርጋት ነገር ያስፈልጋታል።

ቀበቶ እንዴት እንደሚገኝ

ብዙ ልጆቻችን «የዓለም ሻምፒዮን» ሲባል አንድ ሰው ይመስላቸዋል። ፕሮፌሽናል ቦክስ ግን እንደ ኦሎምፒክ አይደለም። ዋና ዋና የሚባሉት አራት ድርጅቶች ናቸው፦ ደብሊው ቢ ኤ፣ ደብሊው ቢ ሲ፣ አይ ቢ ኤፍ እና ደብሊው ቢ ኦ። ክብደቶቹ 17 ያህል ናቸው። እያንዳንዱ ድርጅት በየክብደቱ የራሱን ቀበቶ ያስራል፣ የራሱን ደረጃ ያወጣል። አዙማ የነበረው በደብሊው ቢ ሲ ነው፤ መጀመሪያ በፌዘርዌይት፣ ከ1988 ጀምሮ ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ በሱፐር ፌዘርዌይት።

ለቀበቶ ለመፋለም ደረጃ ውስጥ መግባት አለብህ። ደረጃ ውስጥ ለመግባት ስም ያላቸውን ሰዎች ማሸነፍ አለብህ። ስም ያላቸው ሰዎች ካንተ ጋር የሚገጥሙት ደግሞ ገንዘብ የሚያወጣ ፕሮሞተር ከኋላህ ካለ ነው። ፕሮሞተሩ አዳራሽ ይከራያል፣ ቴሌቪዥን ያመጣል፣ ትርፉንም ይወስዳል። ከቦክሰኛው ክፍያ ላይ ማናጀሩ ድርሻ አለው፣ አሰልጣኙ ድርሻ አለው፣ ቀበቶውን የሚያስረው ድርጅት ክፍያ አለው፣ ግብር አለ። ስለዚህ ዜና ላይ የምንሰማው የዶላር ቁጥርና ልጁ ኪስ የሚገባው ሌላና ሌላ ነው። ኮንትራት የሚያነብለት ሰው የሌለው ልጅ ሪንግ ላይ አሸንፎ ወረቀት ላይ ይሸነፋል።

ከድሃ ሀገር ለሚመጣ ቦክሰኛ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ፤ ሁልጊዜ እንግዳ ነው። አዙማ የዓለም ሻምፒዮና ፍልሚያዎቹን በአብዛኛው ያደረገው በሰው ሀገር ነው። ሳን ሁዋን፣ በርሚንግሃም፣ ሎንዶን፣ ሪዮ፣ ላስ ቬጋስ፣ ሜልቦርን፣ ሜክሲኮ ሲቲ። የሚጮኸው ሕዝብ የሌላው ነው። ነጥብ የሚሰጡት ዳኞችም ያንን ጩኸት ይሰማሉ። በዚህ ሁኔታ አሸንፎ መውጣት በወኔ ብቻ አይሆንም። «እኛ እኮ ጀግና ሕዝብ ነን» የሚለው ንግግር ቪዛ አያስመታም፣ የሐኪም ምርመራ አይከፍልም፣ ቪዲዮ እያየ ተፋላሚውን የሚያጠና አሰልጣኝ አያመጣም። አዙማን «ፕሮፌሰሩ» ያሉት በከንቱ አይደለም፤ ሪንግ ውስጥ ሰውን ስለሚያስተምር ነው። ማስተማር ደግሞ መጀመሪያ መማርን ይጠይቃል።

በስጦታ የመጣ ነጥብ

አሁን ብዙ ብሔርተኞች የማይወዱትን እነግራችኋለሁ።

በሰኔ 1991 አዙማ ላስ ቬጋስ ላይ አውስትራሊያዊውን ጄፍ ፌኔክን ገጠመ። ፌኔክ በሦስት ክብደት ሻምፒዮን የነበረ፣ ወደፊት እንጂ ወደኋላ የማያውቅ ተፋላሚ ነው። 12 ዙር ተፋለሙ። ዳኞቹ «አቻ» አሉ፤ ቀበቶው አዙማ ጋ ቀረ። ያዩት አብዛኞቹ ባለሙያዎች ግን ያሸነፈው ፌኔክ ነው ብለው ነበር። አዙማ ራሱ ከፍልሚያው በፊት ወባ ይዞኝ ነበር ብሏል። ይሁን፣ ግን ነጥቡ ነጥብ ነው። ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ደብሊው ቢ ሲ ራሱ ውሳኔውን ቀይሮ ድሉን ለፌኔክ ሰጠ።

እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? እውነቱን እንነጋገር። «ዳኛ ወስኗል፣ አለቀ! ምቀኞች!» ብለን ፖስት እናደርግ ነበር። አቻውን እንደ ድል እናከብር ነበር። የተጠራጠረውን «ባንዳ» እንለው ነበር።

አዙማ ምን አደረገ? ሜዳው ያው፣ ፈረሱም ያው ብሎ ፌኔክ ሀገር ድረስ ሄደ። መጋቢት 1992፣ ሜልቦርን፣ ፕሪንሰስ ፓርክ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር የአውስትራሊያ ሕዝብ ክፍት ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ፌኔክን ይጠብቃል። ፌኔክ እስከዚያ ቀን ተሸንፎ አያውቅም። አዙማ ገና በመጀመሪያው ዙር ጣለው፤ በ8ኛው ዙር ጨረሰው። 33 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ «ከሁለቱ ማን ይሻላል?» የሚል ክርክር ከነበረ መልሱን ወረቀት ላይ ሳይሆን ሪንግ ላይ ሰጠ።

የመጀመሪያው አቻ ዛሬ ቢወሰድበትም ከስሙ ምንም አልጎደለም። ለምን? ስሙን በዚያ አቻ ላይ አልገነባማ! በስጦታ በመጣ ነጥብ ላይ የሚቆም ክብር አንድ ቀን ይወሰዳል። ይሄን ከቦክስ ወደ ትግላችን አምጡት። በተጋነነ ቁጥር፣ በተቆረጠ ቪዲዮ፣ ባልተጣራ ወሬ የምናሸንፈው ክርክር ሁሉ የላስ ቬጋሱ አቻ ነው። እውነት ካለን ሜልቦርን ሄደን እናሳይ። ከሌለን ደግሞ አንጩህ።

የኮቴይ ዕዳ

ከአዙማ በፊት ጋና ሌላ ሻምፒዮን ነበራት። ዴቪድ ኮቴይ ይባላል፤ «ዲ ኬ ፖይዘን» እያሉ ይጠሩታል። የመጀመሪያው ጋናዊ የዓለም ሻምፒዮን እሱ ነው። በመስከረም 1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ታዋቂውን ሜክሲኳዊ ሩበን ኦሊቫሬስን አሸንፎ የፌዘርዌይት ቀበቶ ይዞ ገባ። ሀገር ምድሩ ወጥቶ ተቀበለው።

በሚቀጥለው ዓመት በጄኔራል አቼምፖንግ የሚመራው መንግሥት ገንዘብ ቸገረው። የውጭ ምንዛሪ የለም። ከዚያ ምን አደረገ? ኮቴይ በቡጢው ካገኘው ክፍያ 45,000 ዶላር ተበደረ፤ የታሸገ ዓሳ ለማስገባት። ሰውየው ለሀገሩ ሰጠ። በኅዳር 1976 አክራ ላይ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት፣ በዳኒ ሎፔዝ ተሸንፎ ቀበቶውን አጣ። ገንዘቡስ? የተመለሰለት በ2012 ነው። ከ36 ዓመት በኋላ! መንግሥት መጣ፣ መንግሥት ሄደ፤ ሁሉም ሻምፒዮን ነው ብለው ያነሱታል፣ ዕዳውን የሚያነሳ የለም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው።

ይሄን ስታነቡ በጋና ብቻ አትፍረዱ። እኛ ጋ ለሀገር ሜዳሊያ ያመጣ፣ በኋላ ግን ሲታመም መታከሚያ ያጣ ሰው የለም ወይ? ለፖለቲካ ውሳኔ ዋጋ የከፈለ አትሌት የለም ወይ? ምሩጽ ይፍጠር በ1976 ሞንትሪያል ያልሮጠው ሀገሩ ኦሎምፒኩን አድማ ስለመታች ነው። አራት ዓመት ጠብቆ በሞስኮ 5,000ውንም 10,000ውንም ሜትር ወሰደ። የጠበቀው እሱ ነው፤ የሮጠው እሱ ነው። አድማው ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ሌላ ጊዜ እንከራከር፤ እኔ የምለው ሀገር ከልጆቿ ስትበደር፣ ጊዜም ይሁን ገንዘብ፣ ዕዳ እንዳለባት ትወቅ ነው። ሕዝብም እንደዚያው። ጭብጨባ ዕዳ አይከፍልም።

እኛስ?

ኢትዮጵያ ከኦሎምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ የአትሌቲክስ ናቸው። በቦክስ አንድም የለንም። ቦክሰኛ ስላጣን አይደለም፤ ወደ ኦሎምፒክ የሄዱ ቦክሰኞች ነበሩን፣ ዛሬም በየክፍለ ከተማው በአሮጌ ጓንት የሚለማመዱ ልጆች አሉ። ያጣነው ከልጁ ጀርባ የሚቆም ሰፈር ነው። ሩጫችን እኮ በአንድ ሌሊት አልመጣም። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ከማሸነፉ በፊት ክብር ዘበኛ ነበረ፣ አሰልጣኝ ነበረ፣ ልምምድ ነበረ። ከዚያ አንዱ ሌላውን እያየ፣ ታናሽ ታላቁን እየተከተለ እስከዛሬ መጣ። ቡኮምም በቦክስ ያደረገችው ይሄንኑ ነው። ኮቴይን ያየ ትውልድ አዙማን አወጣ፣ አዙማን ያየ ትውልድ በ1994 አይክ ኳርቴይን ሻምፒዮን አደረገ።

«ቦክስ ዱላ ነው፣ ወጣቱን ለጸብ ታስለምዳለህ» የሚለኝ ወላጅ ሊኖር ይችላል። አደጋ የለውም አልልም። በ1982 ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ከፍልሚያ በኋላ ሞቶ ነው ደብሊው ቢ ሲ የሻምፒዮና ፍልሚያን ከ15 ወደ 12 ዙር ያወረደው። ስለዚህ ሐኪም የሌለበት ግጥሚያ፣ ራስ መከላከያ የሌለበት ልምምድ መፈቀድ የለበትም። ግን ጸቡ ያለው ሪንግ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ሪንግ ውስጥ ዳኛ አለ፣ ደወል አለ፣ የወደቀን መምታት ክልክል ነው፣ ሲያልቅ መተቃቀፍ አለ። በስልኩ ሰው እየተሳደበ የሚውለው ልጅ ከዚህ አንዱንም አልተማረም። ቡጢህን በወንድምህ ላይ ከማንሳት ከረጢቱ ላይ አሳርፈው፤ ያንተም የሀገርም ጤና እዚያ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከዚህ ገጽ ተከታዮች የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው።

አንደኛ፣ በየሰፈራችሁ ያለውን የቦክስ ወይም የሌላ ስፖርት ልምምድ ቦታ ሂዱና እዩ። አሰልጣኙን «ምን ጎደለህ?» በሉት። መልሱ ሚሊዮን ብር አይሆንም። ጓንት፣ ጥርስ መከላከያ፣ የእጅ ፋሻ፣ አምፖል፣ ውሃ ይሆናል። አስር ልጆች ለአንድ ቀን የሚያወጡትን የጫት ወይም የቢራ ብር ቢያዋጡ የሚሸፈን ነው።

ሁለተኛ፣ ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ዋሽንግተንም ሁኑ ቴል አቪቭ፣ ዱባይም ሁኑ ስቶክሆልም፣ ባንዲራ ይዛችሁ ኤርፖርት ለመቀበል ብቻ አትምጡ። አንድ ልጅ ለውድድር ሲመጣ ማደሪያ፣ አስተርጓሚ፣ ከሁሉም በላይ ኮንትራቱን የሚያነብለት ታማኝ ሰው ሁኑለት።

ሦስተኛ፣ የተሸነፈ ልጅ ሲመለስ ተቀበሉት። ካሸነፈው እኩል ባይሆንም ተቀበሉት። ስድቡን የሚጽፍ ሰው ካለ በዚህ ገጽ ላይ ቦታ እንዳይኖረው እኛው እንጠብቅ።

አራተኛ፣ የድሮ ስፖርተኞቻችንን በሕይወት እያሉ እንጠይቃቸው። ለቀብር የሚሆን የሚያምር ጽሑፍ መጻፍ እንችልበታለን፤ እሱን ማን አጣው!

አዙማ በ1994 ቀበቶውን ለጄሲ ጄምስ ሌይሃ አስረክቦ ነበር። «አለቀለት» ተባለ። በታህሳስ 1995፣ በ37 ዓመቱ፣ ጋብሪኤል ሩዌላስን በ5ኛው ዙር አሸንፎ መልሶ ወሰደው። በሚቀጥለው ዓመት ሌይሃን ራሱን በ6ኛው ዙር አስቆመው። በ46 ፍልሚያ 38 አሸንፎ፣ 6 ተሸንፎ፣ 2 አቻ ወጥቶ ጨረሰ። በ2004 የዓለም አቀፉ የቦክስ የክብር መዝገብ ውስጥ ስሙ ገባ። ከስድስቱ ሽንፈት አንዱን ብቻ አይተው ቢጥሉት ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልነበረ።

ሀገር ወዳድ ነኝ የምትል ወንድሜ፣ ሀገር ወዳድ ነኝ የምትይ እህቴ፣ የሚቀጥለው ሻምፒዮናችን ዛሬ የሆነ ሰፈር ውስጥ በተቀደደ ጓንት ከረጢት እየመታ ነው። ስሙን አናውቀውም። ሲያሸንፍ «የኛ ነው» ለማለት እንቅደም ካልን ዛሬ፣ ማንም ሳያየው፣ የኛ እናድርገው።

ይሄን ጽሑፍ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ጓንት ግዙ። ከዚያ ሼር አድርጉት።

ኢትዮጵያ በልጆቿ ክንድ ትቆማለች!